የዋንዛው ውጅግራ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው ጎዳና ሐይቅን አልፎ አምባሰልን ሲያያዝ ውጫሌ ይደርሳል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የታወቀው ውል የተፈረመው በዚሁ አገር፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፣ በኢጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘና ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በጠብመንጃ ለየ። እንግዲህ አንድ የሐይቅ አናጢ፣ ሴት ልጁ ለምትሳተፍበት የትምህርት ቤት ቴአትር ከእንጨት ጠብመንጃ ሊሠራ ሲነሣ፣ የትኛውን ጠብመንጃ የሚለው ጥያቄ ቀላል አልነበረም።

የዐድዋን ዘማች ክላሽንኮቭ ማስያዝ፣ ከጦርነቱ 50 ዓመት ያህል ቆይቶ የተፈለሰፈን መሣሪያ ማሸከም ነው። የመድረክ ሰዎች ይህን እንደ ትንሽ ስሕተት ባያልፉት መልካም ነበር። አናጢው የመረጠው ውጅግራን ነው። አባቶቻችን ይህን ስም ያወጡለት የፈረንሳዩን «ፉዚ ግራ» በራሳቸው አንደበት አላምደው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1874 ሥሪት ሲሆን፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ በላይ፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። የሚጎርሰውም አንድ ጥይት ብቻ ነው።

አባት ዋንዛውን ጠረበ፤ ልጅቱ ሰደፉን በሞረድ አለሰለሰች፤ ለአፈሙዙ የተቆረጠው ሸምበቆ በዘይት የራሰ ጥላሸት ተቀባ። ልኩ የተወሰደው ከመጽሐፍ ሥዕል ነው። አያት ግን በእጃቸው ዳበስ አድርገው፣

«አንገቱ ወፍሯል» አሉ። «የአባቴ ከመያዣው ላይ ሰልከክ ያለ ነበር።»

እኒህ አሮጊት ያደጉት፣ አባታቸው በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ይዘውት የዘመቱት ውጅግራ ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ እያዩ ነው። አናጢው ሳይከራከር መሮውን አነሣ።

ችግሩ የመጣው ከትንሹ ልጅ ነው። ያላለቀውን እንጨት ከመደብ ላይ አፈፍ አድርጎ ወደ አያቱ አነጣጠረና ተኩሱን በአፉ አንጣጣው። አሮጊቷ ያቦኩት የነበረውን ሊጥ ትተው ተነሡ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሐይቅና በውጫሌ ሲያልፍ ይህን ድምፅ ከአፍ ሳይሆን ከጎዳናው ሰምተውታል። እንጨቱን ነጥቀው ከደጅ አወጡት፤ ከቤቴም አይገባም አሉ።

«እማ፣ እኮ እንጨት ነው» አለ ልጃቸው።

«አይቼዋለሁ፤ አንተ ነህ ያላየኸው።»

አናጢው ሦስት ቀን ሥራውን አልነካም። በአራተኛው ቀን ድፍን ሊያደርገው አስቦ የነበረውን መዝጊያ ፈልፍሎ የሚከፈትና የሚዘጋ አደረገው። የዋንዛው መዝጊያ በርጥበት አብጦ እምቢ ሲል ልጅቱ ልታለቅስ ደረሰች። «አብሽሪ» አላትና ሰም አሸው። ከዚያ ትንሹን ልጅ ጠርቶ፣ መተኮስ ከፈለገ መጀመሪያ እንዲከፍት፣ እንጨቷን ጥይት እንዲያጎርስ፣ እንዲዘጋ፣ ከተኮሰም በኋላ እንደገና ከፍቶ ቀለሁን እንዲያወጣ አዘዘው። ልጁ ሁለቴ ሞክሮ ደከመው።

«ይህን ሁሉ ሲያደርግ ጠላት ዝም ብሎ ያየዋል?» ሲል ጠየቀ።

አሮጊቷ ከደጃፉ ሆነው መለሱለት፦ «አያይም። አባቴ ጎኑ ላይ ጠባሳ ነበረው።»

የካቲት 23 ቀን ቴአትሩ ታየ። ማታ ልጅቱ ውጅግራውን ይዛ ስትመለስ አያት በአሮጌ ነጠላ ጠቀለሉት። ወደ ቤት ግን አላስገቡትም፤ ሌሊቱን ከዶሮ ቆጡ ሥር አደረ።