ድራጎን ፍሩት ልትተክሉ ላሰባችሁ፦ ከቁራጩ በፊት ምሰሶው

ሰሞኑን በውስጥ መስመር "ድራጎን ፍሩት ያዋጣል ወይ? ቁራጩን ከየት ልግዛ?" የምትሉኝ በዝታችኋል። እኔ ደግሞ መልሼ ልጠይቃችሁ፦ ምሰሶስ አላችሁ?

ድራጎን ፍሩት ወተት ከሚወጣው ከአጥራችን ቁልቋል ጋር አይዛመድም፤ ዘመዱ በለስ ነው። በትውልድ አገሩ በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ ዛፍና ድንጋይ ላይ እየተንጠላጠለ ያድጋል። ራሱን ችሎ አይቆምም፤ ሲያድግ ደግሞ በጣም ይከብዳል። ቀጭን ባሕር ዛፍ ካቆማችሁለት ምስጥ ከሥሩ ይበላውና ልክ ማፍራት ሲጀምር ከነፍሬው ይወድቃል። በደንብ ከተያዘ 20 ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ምሰሶውም አብሮት የሚቆይ ይሁን፤ የሲሚንቶ ወይም ምስጥ የማይደፍረው እንጨት። ከመሬት በላይ 1.5 ሜትር ያህል ይበቃል። ጫፉ ላይ አሮጌ የመኪና ጎማ እሰሩበት።

ቁራጩን ለአንድ ሳምንት ያህል ጥላ ላይ አቆዩት፤ የተቆረጠበት ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል። ለአንድ ምሰሶ 3 ወይም 4 ቁራጭ ይበቃል። ውሃ የሚተኛበት መሬትና ውርጭ የሚመታው ደጋ አይሆነውም። ዋናውን ቅርንጫፍ ወደ ላይ እያሰራችሁ የጎን የጎኑን ቁረጡ። ጎማው ላይ ሲደርስ ግን ልቀቁት፤ በብዛት የሚያብበው ወደ ታች የተንጠለጠለው ነው።

አበባው የሚፈካው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትበረታ ይጠወልጋል። በአገሩ የሌሊት ወፍና የእሳት እራት ያዳቅሉታል። አንዳንዱ ዝርያ በራሱ የአበባ ዱቄት አያፈራም። እናም ሻጩን "ለብቻው ያፈራል ወይ?" ሳትሉ ብር እንዳትሰጡ። ለብቻው የማያፈራ ከሆነ ሌላ ዝርያ አብራችሁ ትከሉ፤ ማታ ባትሪ ይዛችሁ ውጡና ዱቄቱን በለስላሳ ብሩሽ ከአንዱ አንሥታችሁ የሌላውን አበባ መሐል ቀቡት። ፍሬው ከአንድ ወር ትንሽ አለፍ ሲል ይደርሳል። ከተቆረጠ በኋላ ጣፋጭነት ስለማይጨምር ቀለሙ በደንብ ሳይለወጥ አትንኩት።

እኔን የሚያሳስበኝ በሬውን ሸጦ ቁራጭ የሚገዛው ገበሬ ነው። በሬው ከሄደ በቀላሉ አይመለስም፤ የድራጎን ፍሩት ቁራጭ ግን ከራሳችሁ ተክል እየተቆረጠ ይባዛል። በጓሯችሁ በ2 ምሰሶ ጀምሩ። እስኪያፈራ ድረስ ከተማ ውስጥ ማን እንደሚገዛችሁ አጣሩ። የእህል ማሳችሁን ግን ለጊዜው አትንኩት።

መልካም የሥራ ጊዜ!