የሜድስቶን ጋራዥ ፍርድ፦ የተጣለ ካርታ መቼ ይሞታል?

ከሜልበርን ማዕከል በስተምዕራብ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሜድስቶን ይገኛል። ስሙን በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት ከምትገኝ ከተማ የወረሰ ሰፈር ነው። ከፉትስክሬይ የሚነሣው 82 ቁጥር ትራም ዳርዳሩን ይዞ ያልፋል። ለጎብኚ የሚታይ ነገር ፈልጎ የመጣ ሰው ቶሎ ይመለሳል። እኛን የመሰለ ስደተኛ ግን ሃምፕስቴድ ጎዳና ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ የኢሚግሬሽን እስር ቤት የነበረው እዚያ ነውና። ከእኛው ወገን እዚያ ገብቶ የወረቀቱን ውሳኔ ሲጠብቅ የከረመ አለ። ዛሬ ተዘግቷል፤ እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር እርምጃዬ ይፈጥናል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዚያ ብዙም በማይርቅ አንድ ጋራዥ ውስጥ ዓርብ ማታ ካርታ እንጫወት ነበር። አገር ቤት ሳለን ያደግነው በኮንከር ነው፤ ሜልበርን ግን ፖከር አስለመደችን። እ.ኤ.አ. በ2005 የዚችው ከተማ ነዋሪ የሆነው ሊባኖስ ተወላጁ ጆ ሀሼም ላስ ቬጋስ ላይ የዓለምን ዋንጫ ከ7.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ጋር ካነሣ ወዲህ፣ ስደተኛ ሁሉ የእሱ ዘመድ መስሎ ይታየው ጀመር።

አንድ ምሽት ጠረጴዛው ላይ 340 ዶላር ተከማችቶ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንደኛው ምግብ ቤት ወጥ የሚሠሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው፤ ሌላው ወጣት ታክሲ ነጂ ነው። የመጨረሻዋ ካርታ ወጥታ ውርርዱ አበቃ። ወጣቱ «ፍላሽ!» ብሎ ጮኸ። ጋሼም «በል ውሰደው» አሉና ሁለት ካርታቸውን እንደተደፉ ወደ መሐል ገፋ አደረጓቸው። ወጣቱ የራሱን ሲገልጥ ጉድ ፈላ። አምስተኛዋ ቀይ ካርታው ልብ ሳትሆን ዳይመንድ ነበረች። ፍላሽ ቀርቶ ጥንድ እንኳ አልነበረውም። ሊያጭበረብር አስቦ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲነዳ የዋለ ዓይን ነው።

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ፦ «ካርታዬን አምጡ!» ወጣቱ ደግሞ «ጥለዋል እኮ ጋሼ!» አለ። ካርታዎቹ ከተጣሉት ክምር አንድ ስንዝር ርቀው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ የማን እንደሆኑ ሁሉም እያየ ተቀምጠዋል። ጫጫታው ሲበረታ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋዜጠኛ ነበርኩ፣ ውጭ አገር ተምሬ ዲግሪ ይዣለሁ፤ በእኛ ዘንድ ይህ ለማንኛውም ዳኝነት ይበቃል። እኔም ደንቡን ሳላውቀው «የተጣለ ተጥሏል» ብዬ ፈረድኩ። አዳዩ ወዲያው ካርታዎቹን ከክምሩ ቀላቀላቸው። ጋሼ ኮታቸውን አንሥተው «ደኅና እደሩ» ብለው ወጡ። 340 ዶላር የሳምንት ቤት ኪራያቸው መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

ስህተቴን ያወቅሁት ደንቡን ፈልጌ ሳነብ ነው። የውድድር ዳይሬክተሮች ማኅበር የሚባል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ማት ሳቬጅና ባልደረቦቹ የመሠረቱት ነው። በእነርሱ ደንብ፣ ካርታ በሚገለጥበት ሰዓት አንድ ተጫዋች ካርታውን ደፍቶ ስለጣለ ብቻ እጁ አይሞትም። ካርታዎቹ መቶ በመቶ ተለይተው የሚታወቁና የሚነሡ እስከሆኑ ድረስ ሐሳቡን ለውጦ ሊገልጣቸው ይችላል። የሚገድላቸው አዳዩ ነው፤ ወደ ክምሩ ሲገፋቸው ወይም ከሌላው ጋር ሲቀላቅላቸው። ውርርዱ ሳያልቅ፣ ተራ ደርሶ የተጣለ ካርታ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አይመለስም። በአፍ የተነገረውም «ፍላሽ» ዋጋ የለውም፤ የሚናገረው የተገለጠው ካርታ ነው። ደንቡ ለውድድር የተጻፈ ስለሆነ በተራ ጨዋታ ቁማር ቤቱ የራሱን ሕግ ሊያወጣ ይችላል፤ ጋራዣችን ግን ምንም ሕግ አልነበረውም፣ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እግረ መንገዴን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዜግነት አዋጃችን ቁጥር 378 እንኳ ከእኔ የተሻለ አስቧል። በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደውን ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ተመልሶ አገሩ ከኖረ፣ የውጭውን ዜግነት ከተወና ካመለከተ ካርታውን እንዲያነሣ በር ትቶለታል። አውስትራሊያዊ ፓስፖርት ኪሳችን ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን አንቀጽ በቃላችን ብናውቀው አይጎዳንም።

ጋሼ ሁለት ወር ወደ ጋራዡ ዝር አላሉም። ቅዳሜ ከሰዓት ፉትስክሬይ ቡና ሲጠጡ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፍርዱ ስህተት እንደነበር፣ ገንዘቡንም እኔ እንደምከፍል።

«ገንዘቡን ተወው» አሉኝ። «ለመሆኑ ካርታዬን አይተኸዋል?»

«አላየሁም ጋሼ፤ ተቀላቀለ እኮ።»

«ሁለት ንጉሥ ነበር» አሉ፣ ስኳሩን ወደ እኔ እየገፉ። «ማን ያምነኛል?»

«እኔ አምንዎታለሁ» አልኳቸው። ሲኒያቸውን አንሥተው ፉት አሉና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመሩ።