አንድ ቀን በጅቡቲ ወደብ

እስቲ ዛሬ ወደ ባሕር ዳር ልውሰዳችሁ። አገሩ ሩቅ ነው። ነገር ግን ከእርሻችሁ ጋር የተያያዘ ነውና አብረን እንሂድ።

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አንድ ዓመት በመንደራችን ማዳበሪያ ዘግይቶ ደረሰ። ዝናቡ ግን አልጠበቀንም። በቆሎው ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። አባቴ ባዶውን ከረጢት እያገላበጠ፣ «ይህ ነገር ከወዴት ሆኖ ነው እንዲህ የሚዘገየው?» ብሎ ጠየቀኝ። ዩኒቨርሲቲ ስለገባሁ ሁሉን የማውቅ ይመስለዋል። እኔ ግን «ከጅቡቲ ነው» ከማለት በቀር አንዳች አላውቅም ነበር። አፈርኩ። በጥር ወር የዕረፍት ጊዜ ሳገኝ ብቻዬን ተነሥቼ ሄድኩ።

የሄድኩት በባቡር ነው። የጥንቱ ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። አሁን የሚሠራው ሌላ ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ። ከድሬዳዋ ወዲያ አገሩ በረሃ ነው። ድንጋይ፣ ግራር፣ ፍየልና ግመል ይታያል። ናጋድ ከተባለው ጣቢያ ወርጄ ከተማ ገባሁና አደርኩ።

በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ጥር ለጅቡቲ ደግ ወር ነው። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል ይላሉ።

በከተማው መኻል አንድ አደባባይ አለ። የ27 ጁን አደባባይ ይባላል። ጅቡቲ ከፈረንሳይ አገዛዝ ነፃ የወጣችበት ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ «ምኒልክ አደባባይ» ይለዋል። ዙሪያውን ቅስት በረንዳ ያላቸው ነጫጭ ቤቶች አሉ። ጥቂት ወረድ ሲሉ ሐሙዲ መስጊድ ይገኛል። ዕድሜው ከ100 ዓመት በላይ ነው።

ከመስጊዱ አጠገብ ገበያው ይጀምራል። ሱማሌኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ይሰማል። አማርኛም ይሰማል። አንዲት ሴት ሽንኩርት ስታራግፍ አየሁ። «ከየት የመጣ ነው እህቴ?» ብላት፣ «ከናንተው ነዋ!» ብላ ሳቀች። ምን አለፋችሁ፣ ሽንኩርቱ የእኛ፣ ድንቹ የእኛ! ውሃው እንኳ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በሱማሌ ክልል ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በቧንቧ ይደርሳቸዋል። ኤሌክትሪክም ከእኛ ይገዛሉ። እኛ ደግሞ ከውጭ የምናስመጣው ዕቃ ከመቶው ዘጠና ያህሉ በእነርሱ ወደብ ይገባል። ይህ የሆነው በተለይ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ።

ከገበያው ወደ ባሕሩ ሄድኩ። ባሕር አይታችሁ የማታውቁ ብዙ ናችሁ። እኔም አላየሁም ነበር። ጣናን ያየ ሰው ባሕርን ያየ ይመስለዋል። ግን አይደለም። ወዲያ ማዶ ዳር የለውም። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው! በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ስለዚህ አይጠጣም፤ አዝመራም አያጠጣም። ሌላም የገረመኝ ነገር አለ። ጠዋት ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ታይቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሞላ። ጨረቃና ፀሐይ ውሃውን ስለሚስቡት በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል አሉኝ። ከባሕሩ በላስቲክ ጠርሙስ ቀድቼ በቦርሳዬ ያዝኩ።

ከሩቅ የወደቡ ማንሻዎች እንደ ቀጭኔ አንገታቸውን አስግገው ይታያሉ። ልገባ ብጠጋ ዘበኛው ከለከለኝ። «ያለ ፈቃድ አይገባም» አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብዬ የእኛ አገር ሹፌሮች ወደሚያርፉበት ስፍራ ሄድኩ። ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሻይ ቤት ገብቼ ከአንድ ሽማግሌ ሹፌር አጠገብ ተቀመጥኩ። የአባቴን ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ ማዳበሪያ ብዙ መንገድ አለው» አሉ። «መጀመሪያ ይገዛል። ከዚያ መርከብ ይጫናል። መርከቡ እዚህ ሲደርስ ማዳበሪያው እንደ አሸዋ የተዘረገፈ ነው። እዚህ በመኪና ተሰፍሮ በከረጢት ይታሸጋል። ከዚያ እኛ እንጭናለን።»

«አንድ መርከብ ስንት ይይዛል ጋሼ?»

«ትልቁ 500 ሺህ ኩንታል ይይዛል። የእኔ መኪና 400 ኩንታል ትጭናለች። እስቲ አስላው።»

አሰላሁት። 500 ሺህ ለ400 ሲካፈል 1,250 ይሆናል። አንድ መርከብ ለማራገፍ 1,250 መኪና ማለት ነው። አንዱ ቢዘገይ ሌላው ይዘገያል። ግዢው ቢዘገይ ሁሉም ይዘገያል። ባሕሩም ሰላም ይሻል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁ፣ ብዙዎቹ አፍሪካን ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። ይህም መንገዱን በብዙ ቀን ያረዝመዋል።

ሹፌሩ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። «ዩሪያ ከረጢት ላይ 46 ይላል። ከ100 ኪሎው 46ቱ ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። አባትህ ከረጢቱን ይይ። 46 የሌለበትን ዩሪያ ነው ቢሉት እሺ እንዳይል።»

አመስግኜ ተመለስኩ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ባሕሩ ዳር ቁጭ አልኩ። አንድ ልጅ መጣና በአማርኛ ሰላም አለኝ። ዕድሜው 17 ቢሆን ነው። ከወሎ ነው የመጣው። ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ ይዤ ስለነበር አብረን በላን። ኦቦክ ወደሚባለው ጠረፍ ሄዶ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ሊሻገር አስቧል።

«መሬቱ ለአራት ወንድማማች አልበቃ አለና» አለኝ።

በ2016 ዓ.ም. በዚያ ጠረፍ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች እንደሰጠሙ፣ ከ50 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ነገርኩት። ብዙዎቹ ከየመን ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ልመለስ የሚልን ሰው የሚረዳ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ማዕከል ኦቦክ ውስጥ እንዳለም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ስልክህን ለእናቴ አንድ ጊዜ ብቻ» አለኝ። ሰጠሁት።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። ሥራ አግኝቻለሁ፤ አታስቢ» አላት። ሥራ አላገኘም። ስልኩን ሲመልስልኝ ዓይኔን አላየኝም። «ተመለስ፣ አብረን እንሂድ» አልኩት። «አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ። ጀርባውን እያየሁ ቀረሁ።

አገሬ ስገባ አባቴ ደጃፍ ጠበቀኝ። የሰማሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። የመርከቡን፣ የ1,250ውን መኪና፣ የ46ን ነገር። ጠርሙሱን አውጥቼ ሰጠሁት። በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

«ይህን ሁሉ ጨው አቋርጦ ነው የሚመጣው?»

«አዎን አባዬ።»

«እንግዲያው በጥር ያልተጫነ በሰኔ አይደርስም። እኛም በስብሰባ ላይ መጠየቅ ያለብን በሰኔ ሳይሆን በጥር ነው» አለ።

ከዚያ የልጁን ነገር አወራሁት። ረዥም ጊዜ ዝም አለ። እኛም ቤት ወንድማማቾቹ ሦስት ነን፤ መሬቱ ግማሽ ሄክታር ነው። አባቴ የጠርሙሱን ክዳን እያጠበቀ፣

«ያ ልጅስ ተመለሰ?» አለኝ።

የምመልስለት አልነበረኝም።