እባካችሁ፣ ትፉት!

ባለፈው ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት «የወላጄ ሥራ» በሚል ርእስ አጭር ጽሑፍ ጽፋችሁ አምጡ ተባሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ውሸት አታውቅምና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «አባቴ ወይን ጠጅ ይቀምሳል። ከዚያ ይተፋል። ከዚያ ገንዘብ ይሰጡታል።» በሦስተኛው ቀን መምህርቷ ደወሉልኝ። ድምፃቸው የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር። «ቤት ውስጥ ሁሉ ሰላም ነው?» አሉኝ።

ሰላም ነው። ሥራዬ ነው። ወይን ጠጅ አስመጪ ነኝ፤ የምገዛውን ከመግዛቴ በፊት እቀምሳለሁ፣ የምሸጠውንም ከመሸጤ በፊት አስቀምሳለሁ። በመካከሉ መትፋት አለ። ልጄ ያጋነነችው የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ገንዘቡን የሚሰጡኝ ሁልጊዜ አይደለም።

ይህን የምጽፈው በጥቅምት ወር የቅምሻ ዝግጅት ስላለኝ ነው። ቅምሻው ለሙያው ሰዎች ነው፤ ለሆቴል ግዥ ኃላፊዎች፣ ለሬስቶራንት ባለቤቶች፣ ለሱፐርማርኬት ዕቃ ለሚያዝዙ። እናንተ፣ ውድ አንባቢያን፣ አልተጠራችሁም። ሰውን በመጽሔት «አልተጠራህም» ብሎ ማስታወቅ ነውር መሆኑ አይጠፋኝም። ነገር ግን ከመካከላችሁ ባሏ ሆቴል ያለው፣ እህቷ ምግብ ቤት የከፈተች አትጠፋም። እራት ላይ «አንድ ሰውዬ ‹እባካችሁ ትፉት› እያለ ሲለምን አነበብኩ» ብትሉልኝ ማስታወቂያው ደርሷል።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞን የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ አይብና ጥብስ ሳላቀርብ ወይን ማስቀመስ አልወድም። ከሐሙስ እስከ እሑድ የሆቴል ሰው ለመተንፈስ ጊዜ የለውም። ሰኞ ደግሞ ይተኛል። ወሩ ጥቅምት የሆነው ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ስለሆነና ለገና፣ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ የሚታዘዘው በዚሁ ወቅት ስለሆነ ነው። የወይን ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ባሕረ ሐሳብ ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ መትፋቱ እንምጣ። በአገራችን የቀረበልንን መጠጥ መትፋት ባለቤቱን መስደብ ነው። ይህን የተረዳሁት የመጀመሪያውን ቅምሻ ባዘጋጀሁ ዕለት ነው። በየጠረጴዛው አዲስ የመትፊያ ባልዲ አስቀመጥኩ። አንዱ እንግዳ የበረዶ ዕቃ መስሎት አስተናጋጁን ጠርቶ በረዶ አስሞላው። ሌላው ኮፍያውን አኖረበት። በመጨረሻ እኔ ራሴ አርአያ ልሁን ብዬ ቀመስኩ፣ አፌ ውስጥ አመላለስኩ፣ ባልዲው ውስጥ ተፋሁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ትልቅ እመቤት «ምነው፣ ተበላሽቷል እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተፋም። በስምንተኛው ወይን ቅምሻው ሠርግ ሆነ። በዐሥረኛው እስክስታ ተጀመረ። አንድ ደግ ሰው 200 ካርቶን አዘዘና ፈረመ፤ በማግስቱ ጠዋት ደውሎ «ወንድሜ፣ ትናንት የፈረምኩት ምንድን ነው?» አለኝ። ወረቀቱን ቀደድኩት። እናቴ ስትሰማ «ደግ አደረግህ፤ የሰከረ ሰው ገንዘብ ጠዋት ባለቤቱን ይፈልጋል» አለች።

እናቴ ስለዚህ ነገር ስትናገር እሰማታለሁ፤ ምክንያቱም ያደግሁት በጠጅ ነው። እሷ ጠጅ ቤት ነበራት። አግዳሚ ወንበር፣ መሬት ላይ የተጎዘጎዘ ቄጤማ፣ በሰልፍ የቆመ ብርሌ። ጋኑን በወይራ የምታጥን፣ ማሩን በውኃ የምትበጠብጥ፣ ጌሾውን መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ በአፍንጫዋ የምታውቅ ሴት ናት። ስትጥል ትቀምሳለች እንጂ አትጠጣም፤ ቀምሳ ወደ ጓሮ እንትፍ ትላለች። ሙያዬን አውሮፓ ሄጄ የተማርኩ የሚመስላቸው አሉ። የተማርኩት ከጓሮ ነው።

አንድ ደንብም ነበራት፤ ሦስተኛው ብርሌ ላይ እህል ይቀርባል፤ የማይበላ አራተኛ አይቀዳለትም። ደንቡ ያወጣችው በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ደግ ሰው ነበር፤ ደግነቱ ግን በምሽት እያለቀ ይሄድ ነበር። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ እንደሚባለው፣ አንዴ የነቃ ሰውነት አልጠገን ብሎ በ51 ዓመቱ አረፈ። ታዲያ አንዳንድ ዘመድ «የእሱ ልጅ ሆነህ እንዴት በዚህ ሥራ?» ይለኛል። መልሴ ቀላል ነው። መጠጥ መቼ እንደሚበቃ የሚያውቅ ሰው ቢሸጠው ይሻላል። በቅምሻዬ ላይ ባልዲውን የማስቀምጠው ለውበት አይደለም። 24 ዓይነት ወይን አለ። በእያንዳንዱ ዙር 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢቀዳ ድምሩ 720 ይሆናል፤ አንድ ጠርሙስ 750 ነው። የማይተፋ እንግዳ ከሰዓት በኋላውን አንድ ጠርሙስ ብቻውን ጠጥቶ መኪና ሊነዳ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እህል አለ፣ ውኃ አለ፣ ታክሲ ይጠራል፣ ባልዲም አለ።

ቋንቋችንም ያግዘኛል። ሌላው ዓለም «ወይን» ብሎ ያቆማል፤ እኛ «ወይን ጠጅ» እንላለን። የወይን ጠጅ! ለቀለም እንኳ ስሙን ሰጥተነዋል፤ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ የሌላት እናት አላውቅም። እናቴ ግን ለብዙ ዓመታት የእኔን ዕቃ «ያ የፍሬ ውኃ» ነበር የምትለው።

የናቀችው ጠጅ መልሶ ያዳነኝ እኔን ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ወሰነ፤ የአልኮል መጠጥም አንዱ ነበር። አገሪቱ ለማዳበሪያና ለመድኃኒት ዶላር ስትፈልግ እኔ ስለ ሻምፓኝ ልከራከር አልችልም። ቢሆንም ወይን ጠጅ የማያስመጣ ወይን ጠጅ አስመጪ ምን ይባላል? መጋዘኔ ውስጥ የቀረውን በጥቂት ወራት ሸጥኩ። ከዘጠኝ ሠራተኞቼ ስድስቱን ዕንባ እየተናነቀኝ አሰናበትኩ። ቤቱ በባለቤቴ የመምህርነት ደመወዝ ቆመ። ልጄ «አባዬ፣ አሁን ለምን አትተፋም?» ስትለኝ መልስ አጣሁ።

አንድ ቀን እናቴ «መኪናህ ቆሟል፣ አንተም ቆመሃል፤ ሁለታችሁም ተነሡ» አለችኝ። ጠጅ ቤቱን ከዘጋች ቆይታለች፤ ጋኖቿ ግን አልተሸጡም ነበር። ለሠርግና ለማኅበር መጣል ጀመረች። እኔም ጀሪካን ጭኜ ዞርኩ። ደንበኞቼ ወደነበሩት ሆቴሎች በፊት በር ሙሉ ልብስ ለብሼ እገባ የነበርኩት ሰው በኋላ በር ጀሪካን ተሸክሜ ገባሁ። አንዱ የግዥ ኃላፊ አየኝና «አስመጪው አድራሽ ሆነ!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መኪና ውስጥ ገብቼ ትንሽ ቆየሁ። ማታ ለእናቴ ስነግራት «ቀመሰው ወይ?» አለችኝ። ቀምሷል። «ታዲያ?» አሁንም አዘዘ። «ስለዚህ የሳቀው እሱ ነው፣ የሸጥነው እኛ ነን» አለችና ወደ ጌሾዋ ተመለሰች።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ክልከላው ተነሣ። ደስታዬ ሳያልቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያው ጠርሙስ፣ ያው ቡሽ፣ ዋጋው ግን እጥፍ ሊሆን ደረሰ። ለመጀመሪያው ኮንቴይነር መኪናዬንና የባለቤቴን ቁጠባ አስያዝኩ። ወይን ሙቀት አይወድም፤ ጅቡቲ ደግሞ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። በሙቀት የተቀቀለ ወይን ቡሹን ወደ ላይ ይገፋል፤ ጣዕሙም የተቀቀለ ፍራፍሬ ይሆናል። ኮንቴይነሩ ሞጆ እስኪደርስ ድረስ ባለቤቴ «ሌሊት ‹ቡሹ! ቡሹ!› እያልክ ትጮሃለህ» ትለኝ ነበር። ሲከፈት ቡሾቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ። ይኸው ነው በጥቅምት የሚቀመሰው። ካልተሸጠ የሚቀጥለው አይመጣም።

እንግዶቼ ምን ይቀምሳሉ? ከደቡብ አፍሪካ ነጩ ሸነን ብላን እና ፒኖታዥ የሚባለው ቀይ አለ፤ ፒኖታዥ በ1925 እ.ኤ.አ. ሁለት የወይን ዘሮች ተዳቅለው የተገኘ ነው። ሁለት የአገር ውስጥ ወይኖችንም አሰልፌአለሁ፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ርቆ ዝዋይ ላይ ሲራና ሜርሎ እየበቀለ እንደሌለ ማስመሰል ስለማልችል ነው። ባልተሸጠልኝ ዘመን የሸጥኩት እነሱን ነበርና ውለታ አለብኝ።

እናቴን የማረከው ግን ከጆርጂያ የመጣው ነው። ጆርጂያኖች ከጥንት ጀምሮ ወይናቸውን የሚጥሉት መሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ዩኔስኮም በ2013 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦላቸዋል። ፎቶውን ሳሳያት መነጽሯን አጠለቀችና «ይሄማ ጋን ነው!» አለች። «በምን ያጥኑታል?» አላጠኑትም፤ ውስጡን በንብ ሰም ይቀቡታል አልኳት። ለረጅም ጊዜ አሰበች። «ሰሙን ለጋኑ ካደረጉት፣ ማሩን የት አደረጉት?»

ላልተጠራችሁት ለእናንተ ደግሞ ባዶ እጃችሁን አትሄዱም። ለበዓል ወይን ጠጅ ስትገዙ ይህን ያዙ። ዶሮ ወጥ ካለ ከባድ ቀይ አትግዙ፤ በአፍ ላይ እንደ ጠቆረ ሻይ የሚያደርቀው ነገር ታኒን ይባላል፣ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ማቃጠሉን ያብሰዋል። ለዶሮ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ቀዝቃዛ ነጭ ይሻላል። ለክትፎ ግን ያንኑ ከባድ ቀይ አምጡ፤ ቅቤው ያለዝበዋል። ቀዩንም ቢሆን በማብሰያው ምድጃ አጠገብ አታቁሙት። የተከፈተውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታኖሩት ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ የእናንተ አፍንጫ አይደለም፤ ቡሹ ተበላሽቷልና መልሱት። ዋጋው ከፍ ያለው ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ይህን ግን አስመጪ ነገረን አትበሉ።

የጥር 12 ቃና ዘገሊላ ሲደርስ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ። ያለ ባንክ፣ ያለ ጉምሩክ፣ ስድስት ጋን ሙሉ! ቀምሶ «መልካሙን እስከ አሁን አቆይተሃል» ያለው የግብዣው አሳዳሪም የሙያ ባልደረባዬ ነው። እሱ ግን አልተፋም።

ይህን ያነሣሁት በቅምሻዬ ላይም መልካሙ ለመጨረሻ ስለቆየ ነው። 24ቱ ካለቁ በኋላ ስም የሌለው 25ኛ ይቀዳል። በወይን ብርጭቆ አይደለም፣ በብርሌ ነው፤ ብርሌ አንገቷ ጠባብ ስለሆነ ሽታውን ሰብስባ ትይዛለች። እናቴን «አንድ ጋን ጣይልኝ» ብዬ ስጠይቃት 74 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም፤ እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። ሁለት ቅድመ ሁኔታ አወጣች። አንደኛ፣ የምትቀዳው እሷ ናት፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ። ያ የሳቀው የግዥ ኃላፊም መጠራቱን ጠይቃ አረጋግጣለች።

ሁለተኛው ስለ ባልዲው ነው። ልጄ ሁለታችንን ቁጭ ብላ ስታዳምጥ ነበር፤ ዕድሜዋ 21 ስላልሞላ አትገባም፣ ወሬው ግን አያመልጣትም። እናቴ ወደ እሷ ዞር አለችና «ጻፊው» አለቻት። ልጄም እርሳስ አምጥታ ጻፈች፤ ወረቀቱን በመግቢያው በር ላይ እለጥፈዋለሁ፦

«24ቱን እንደ ፈለጋችሁ ትፉ። የአያቴ ሲመጣ ባልዲው ይነሣል።»