ከገሳይ ወደ ጉና ተራራ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ መንገደኛ ገሳይን ማለፉ አይቀርም። ገሳይ በደጋ ላይ የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ታላቁ የጉና ተራራ ከበላይዋ ይታያል። እኛም በጥር ወር አንድ ማለዳ፣ አመዳዩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይቀልጥ፣ ጋቢያችንን ደርበን አቀበቱን ተያያዝነው።

ጉና ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ እየመነጩ የፎገራን ሜዳ አጠጥተው ጣና ይገባሉ፤ ስለዚህ ተራራው ለደገኛው ብቻ ሳይሆን በታች ላለው ገበሬም ባለውለታ ነው። መንገዱ በመጀመሪያ በገብስና በድንች ማሳ መካከል ያልፋል። ከፍ እያሉ ሲሄዱ አስታው፣ ከዚያም በላይ የጓሳው ሣርና ረጅሙ ጅብራ ይታያሉ። ነገር ግን እርሻው ምን ያህል ወደ ላይ እንደ ወጣ ስናይ ተገረምን።

መንገድ ይመሩን የነበሩት ሽማግሌ ከአንድ አፋፍ ላይ ቆሙና በበትራቸው እያመለከቱ፣ «ልጆቼ፣ እኛ እረኞች ሳለን ቀይ ቀበሮ በዚህ መስክ ላይ አይጥ ስታድን እናይ ነበር፤ አሁን ግን የለችም» አሉን።

«አባታችን፣ ማን ገደላት?» ብለን ጠየቅናቸው።

ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «የገደላትስ ሰው አላየሁም፤ ቦታዋን ነው የወሰድንባት» ሲሉ መለሱልን።

የሽማግሌው ቃል ከሊቃውንቱ ጥናት ጋር ይስማማል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አትገኝም። ሩጫው የሚደነቅለት የቆላው አቦሸማኔ በዓለም ሁሉ የቀረው ወደ 7,000 ገደማ ብቻ ነው እየተባለ ይታዘንለታል። ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች ግን ሁሉም ቢደመሩ 500 አይሞሉም። ከእነዚህም የሚበዙት በባሌ ተራሮች ሲሆኑ፣ የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን፣ በወሎና በመንዝ ደጋዎች ተበታትነው ይኖራሉ። በጉናና በጮቄ የነበሩት ጠፍተዋል።

የጥፋቱም ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ማረሻ ወደ ላይ በወጣና ከብት በበዛ ቍጥር ቀበሮዋ የምትመገባቸው አይጦች መኖሪያ ያጣሉ። ከሰው ጋር የሚወጣው ውሻም የእብደት በሽታ ያመጣባታል። በባሌ በወብ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ይህ በሽታ ገብቶ ከአራቱ ሦስት እጁን ያህል ፈጅቷል። በባሌ ሰፊ አገር ነውና የተረፉት ተራቡ፤ በጠባብ ተራራ ላይ ተለይተው ለሚኖሩ ጥቂቶች ግን እንዲህ ያለው መከራ የመጨረሻቸው ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ መጠበቅ የማይቻል ነገር አይደለም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን መስክ ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። መስኩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ለግጦሽና ለሣር አጨዳ ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በማኅበር ሆኖ ጥበቃውን አድሶታል። ቀይ ቀበሮም ዛሬ በዚያ ትኖራለች።

ወደ ማታ ስንወርድ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አረፍን። ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ ሳለ በቅጥሩ ውስጥ ጽዱና ኮሶው ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። «ይህንንስ ማን ጠበቀው?» ብንላቸው ሽማግሌው ፈገግ ብለው፣ «ዘበኛ የለውም፤ አባቶቻችን አትንኩ ብለውናል፣ እኛም አልነካንም» አሉን።

ውድ አንባቢያን ሆይ፣ ቅጥሩን በቃል ብቻ የጠበቀ ሕዝብ ተራራውን መጠበቅ አያቅተውም። በደጋ የሚኖር ውሻውን ቢያስከትብ፣ ማረሻውንም ከጓሳው በታች ቢያቆም፣ ለልጆቹ ታላቅ ሀብት ያቆያል። ጉና ቀይ ቀበሮውን አጥቷል፤ ምንጮቹን ግን ገና አላጣም።