«ቦታ የለም» የሚለው ኮምፒውተር

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አባባል ለኮምፒውተርም ይሠራል ብል የሚስቅብኝ ይኖር ይሆናል። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አብሮኝ የሚዘልቅ አንባቢ «እውነቱን ነው» እንደሚለኝ እተማመናለሁ።

የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተማሪ መሆን የራሱ ጣጣ አለው። ዶርም ውስጥ ፕሪንተር እምቢ ካለ፣ ስልክ ከደረቀ፣ ፍላሽ ቫይረስ ከያዘው የሚጠራው የኛ ዲፓርትመንት ልጅ ነው። «አንተ አይደለህ እንዴ ኮምፒውተር የምትማረው?» ይሉሃል፤ አለቀ። ዘንድሮ ደግሞ በጣም የበዛው አቤቱታ «ፋይሌን በሙሉ ክላውድ ላይ ጭኜዋለሁ፤ ላፕቶፔ ግን አሁንም ሞልቷል ይለኛል» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ለምን እንደሚሆን፣ መፍትሔውስ ምን እንደሆነ በአንዲት ጓደኛዬ ላይ ከደረሰው ተነስቼ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙዎቻችን ክላውድን እንደ ጎተራ ነው የምናየው። እህሉን ከቤት አውጥተህ ጎተራ ከከተትከው ቤትህ ባዶ ይሆናል። ሲንክ ግን እንዲህ አይደለም። ሲንክ ማለት ማመሳሰል ነው። ሁለት ቦታ የተቀመጠ አንድ መዝገብ አስቡ፤ እዚህኛው ላይ የጻፍከው እዚያኛውም ላይ ይጻፋል፣ ከዚህኛው የፋቅከው ከዚያኛውም ይፋቃል። ስለዚህ ፋይሉ ወደ ላይ ተጫነ ማለት ከላፕቶፑ ለቀቀ ማለት አይደለም። ሁለት ቦታ ሆነ ማለት ነው እንጂ።

ድሮ ነገሩ በዚሁ ያበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ድሮፕቦክስ፣ በ2012 ደግሞ ጉግል ድራይቭ ለሕዝብ ሲቀርቡ የተለመደው አሠራር በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ቅጂ ማስቀመጥ ነበር። በኋላ ግን የፋይሉ ስም ብቻ በኮምፒውተሩ ላይ እየታየ አካሉ ክላውድ ላይ የሚቀመጥበት ዘዴ መጣ። ማይክሮሶፍት ይህንን «ፋይልስ ኦን ዲማንድ» ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ከዊንዶውስ 10 ጋር በዋንድራይቭ ላይ አወጣው። ጉግል ድራይቭ ደግሞ «ስትሪም» እና «ሚረር» የሚሉ ሁለት ምርጫዎችን ያቀርባል፤ ሚረር ሙሉውን ቅጂ ላፕቶፑ ላይ ሲያስቀምጥ ስትሪም ግን የተፈለገውን ብቻ ያወርዳል። ዋንድራይቭ ላይ ከፋይሉ ጎን የምትታየው ሰማያዊ ደመና «ክላውድ ላይ ብቻ ነው»፣ ነጭ ክብ ውስጥ ያለችው አረንጓዴ ምልክት «ለጊዜው እዚህም አለ»፣ በአረንጓዴ የተሞላችው ክብ ደግሞ «ሁልጊዜ እዚህ ይቀመጥ ተብሏል» ማለት ናት።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ጓደኛዬ የፎክሎር ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ መንዝ ወርዳ ሙሾ የሚያወርዱ እናቶችን በቪዲዮ ቀርጻ መጥታለች። በጠቅላላው 63 ቅጂ፣ 38 ጊጋ ባይት ነው። ላፕቶፗ «128 ጊጋ ባይት» ተብሎ የተሸጠ ሲሆን ዊንዶውስ የሚያሳየው ግን 119 ያህል ነው። (ይህ ስርቆት አይደለም፤ ሻጩ በ1000፣ ዊንዶውስ በ1024 እያባዙ ስለሚቆጥሩ ነው።) አሜሪካ ያሉት አጎቷ ከሚከፍሉበት የክላውድ ቦታ 100 ጊጋ ባይት አካፍለዋታል። ቅጂዎቹን በሙሉ የሲንክ ፎልደሩ ውስጥ ከታቸዋለች። ታዲያ የሲ ድራይቩ መስመር ቀልቶ 2 ጊጋ ባይት ብቻ ቀርቶታል። ንግግሩን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ የሚረዳትን ፕሮግራም ልትጭን ብትል «ቦታ የለም» አላት። ለአማካሪዋ የምታስረክብበት ቀን ደግሞ 9 ቀን ነው የቀረው።

«ቦታ አስለቅቅ» የሚለውን ትእዛዝ ደጋግማ ሰጥታዋለች፤ ፕሮግራሙ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ተናዳ ፎልደሩን በሙሉ ልታጠፋው ነበር።

«ክላውድ ላይ አለ እኮ፣ እዚህ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ።

«ቆይ እስቲ፣ በመጀመሪያ እዚያ መኖሩን እንይ» አልኳት።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ቁም ነገር። ክላውድ ላይ ያለውን ማየት የሚቻለው በራሱ ላፕቶፕ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን በብራውዘር ገብቶ ነው። በብራውዘር ከፍተን ስንቆጥር ከ63ቱ ቅጂ የደረሰው 11 ብቻ ነበር! ፊቷ ነጣ። ካልደረሱት መካከል የአንዲት አሮጊት ቅጂ አለ። እኚህ እናት በአካባቢው የታወቁ ሙሾ አውራጅ የነበሩ ሲሆን ጓደኛዬ ከቀረጸቻቸው ከሁለት ወር በኋላ አርፈዋል። ድምፃቸው ያለው እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነበር። ፎልደሩ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ለሀገር ሙሾ ሲያወርዱ የኖሩት እናት የራሳቸው ድምፅ የትም አይገኝም ነበር።

እንግዲህ ፕሮግራሙ እምቢ ያለበት ምክንያት ይህ ነበር። ወደ ላይ ተጭኖ ያልጨረሰን ፋይል ከላፕቶፑ አያስለቅቅም፤ ቢያስለቅቅ የሚቀር ቅጂ የለማ። እኛ እንደ ግትርነት ያየነው ነገር ንብረቷን የጠበቀላት ጥንቃቄ ነው።

ታዲያ ለምን አልተጫነም? የመጀመሪያው ምክንያት የስልክ ሆትስፖት ነው። ዊንዶውስ አንድን ግንኙነት «በልክ የሚከፈልበት» ብሎ ከመዘገበው ሲንክ የሚያደርገው ፕሮግራም የሰውን ፓኬጅ ላለመጨረስ ራሱን ሊያቆም ይችላል። ባትሪ ቆጣቢው ሲበራም እንዲሁ። ሁለተኛው፣ ማታ ማታ ክዳኑን ዘግታው ትተኛለች። ክዳኑ ሲዘጋ ላፕቶፑም አብሮ ይተኛል፤ የተኛ ላፕቶፕ ደግሞ ምንም አይልክም። ሦስተኛው ቀላል ሂሳብ ነው። የቀረው 31 ጊጋ ባይት ነበር። የግቢያችን ዋይፋይ ማታ ወደ ላይ የሚልከው በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ያህል ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 31,000 ሜጋ ባይት 248,000 ሜጋ ቢት ይሆናል፤ ለ2 ስናካፍለው 124,000 ሰከንድ፣ ማለትም ያለማቋረጥ 34 ሰዓት ተኩል ገደማ። መብራት ሳይጠፋ፣ ለስድስት ሰው አንድ ሶኬት ባለበት ዶርም ውስጥ!

ያደረግነውን በቅደም ተከተል ልናገር። በመጀመሪያ ምንም ሳንነካ ከአንድ ጓደኛችን ሃርድ ዲስክ ተውሰን 63ቱንም ቅጂ ገለበጥን። የአሮጊቷን ቅጂ ከሃርድ ዲስኩ ላይ ከፍተን እስከ መጨረሻው ሰማነው፤ መገልበጥ ብቻ አይበቃም፣ መከፈቱም መረጋገጥ አለበት። ቀጥሎ ላፕቶፑን ላብ ወስደን በኬብል አገናኘነው፤ ክዳኑ ቢዘጋም እንዳይተኛ አስተካከልነው። ሁለት ሌሊት ከከፊል ቀን ፈጀ። ከዚያ በብራውዘር ገብተን 63 መሆኑን ቆጠርን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው «ቦታ አስለቅቅ» ያልነው።

ያም ሆኖ 9 ጊጋ ባይት አልለቀቀም። ይህንን ያወቅነው ፎልደሩ ላይ በቀኝ ክሊክ «ፕሮፐርቲስ» ከፍተን ነው። እዚያ ሁለት ቁጥር አለ። «ሳይዝ» የፋይሉ መጠን ነው፤ «ሳይዝ ኦን ዲስክ» ደግሞ ዲስኩ ላይ በትክክል የያዘው ቦታ ነው። መታየት ያለበት ሁለተኛው ነው። 9 ጊጋ ባይት የያዙት ፋይሎች መንዝ ሳለች ኔትወርክ ስለማይኖር «ሁልጊዜ እዚህ ይቀመጥ» ብላ ምልክት ያደረገችባቸው ሆነው ተገኙ። ምልክቱን ስናነሳ ለቀቁ። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ደግሞ 6 ጊጋ ባይት ተቀምጧል፤ የጠፋ ፋይል ቢኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ቦታውን ይዞ ይኖራል። በመጨረሻም ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ፎልደር 14 ጊጋ ባይት ፊልም ይዞ ተገኘ። ግማሹን አጠፋች፤ ግማሹን «ተከታታይ ድራማ ነው፣ አልጨረስኩትም» ብላ ከለከለችኝ። ይሁን። 2 የነበረው ባዶ ቦታ ወደ 53 አደገ።

የሌሎችም ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በሌላ ፕሮግራም የተከፈተ ፋይል እስኪዘጋ ድረስ አይለቅም። ጉግል ድራይቭ ስትሪም ላይ ቢሆንም ለጊዜያዊ ማስቀመጫ፣ ማለትም ለካሽ፣ ከዲስኩ ቦታ ይወስዳል። ድሮፕቦክስም የራሱ የተደበቀ የካሽ ፎልደር አለው። ማክ የሚጠቀሙ ደግሞ ፋይሉን አጥፍተው ቦታው ካልተመለሰ ታይም ማሽን እዚያው ዲስክ ላይ የሚይዛቸው ቅጽበታዊ ቅጂዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ የምለው አንድ ነገር አለ። በአማርኛችን «ማስለቀቅ» እና «ማጥፋት» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ተከራይ ቤት ሲለቅ ሰውየው አልሞተም፤ ሌላ ቦታ ሄደ እንጂ። ኮምፒውተሩም ላይ ልዩነቱ ይኸው ነው። ስታስለቅቅ ፋይሉ ክላውድ ላይ ይኖራል፤ ከሲንክ ፎልደር ስታጠፋ ግን ከሁሉም ቦታ ይሄዳል። ክላውዱ የራሱ የቆሻሻ ቅርጫት ስላለው ለተወሰኑ ቀናት መመለስ ይቻላል፤ ወደ ላይ ያልደረሰውን ግን ክላውዱ ሊመልሰው አይችልም።

ማስለቀቅም ዋጋ አለው። ክላውድ ላይ ብቻ ያለ ፋይል ኢንተርኔት ሲጠፋ አይከፈትም። በእኛ ሀገር ይህንን ሳያስቡ መቅረት አይቻልም። ስለዚህ ጓደኛዬ በመከላከያዋ ቀን የምታሰማቸውን ቅጂዎች መልሳ «ሁልጊዜ እዚህ ይቀመጥ» ብላቸዋለች፤ ከነሱ መካከል የአሮጊቷ ሙሾ አለ። ደግሞም 100ው ጊጋ ባይት የአጎቷ ክፍያ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ነገ እሳቸው መክፈል ቢያቆሙስ? ለዚህ ነው የራሷን ሃርድ ዲስክ ለመግዛት እቁብ የገባችው፤ ዕጣው እስኪወጣላት የተዋስነው ዲስክ ከባለቤቱ ፈቃድ ጋር እሷ ዘንድ ይቆያል።

በዲፓርትመንታችን «ባክአፕ» የሚለውን ቃል ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እንሰማዋለን፤ ፈተና ላይም ይመጣል። የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ግን የአያቶቻችንን ድምፅ፣ የገበሬውን ቃል፣ የታካሚውን መጠይቅ ተሸክመው ሲዞሩ ይህንን የሚነግራቸው ሰው የላቸውም። ከመመረቂያው ወራት በፊት የኛ ልጆች በየዶርሙ ግማሽ ቀን ብንቀመጥና ከእያንዳንዱ ላፕቶፕ ጋር ብራውዘር ከፍተን ብንቆጥር ምን ይለናል? ላቡን ማስከፈት ካስፈለገ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ።