ስንት ይዘህ መጣህ?

ሰላም አስከባሪ ሲባል ለዓመታት ቀድሞ አፌ ላይ የሚመጣው ዶላር ነበር። «ዕድለኛ ነው፣ ግዳጅ ደረሰው» እላለሁ፤ ከግዳጅ መልስ ቤት የሠራውን፣ ሚኒባስ የገዛውን እቆጥራለሁ። የቃኘው ዘማቾች ሲነሡ ግን ሌላ ሰው ነበርሁ። ኮሪያ ላይ የወደቁትን 121 ሰዎች ለልጆቼ ስተርክ ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ሩዋንዳ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር የተሰለፉት በእኔ ሒሳብ ደሞዝተኞች ነበሩ። ጀግንነት ሃምሳ ዓመት ካልሞላው የማይቆጠር ይመስል!

የጎረቤቴ ልጅ ሱዳንና ደቡብ ሱዳን ከሚወዛገቡባት ከአብዬ ሲመለስ እናቱ ሰፈሩን ጠርተው ደገሱ። ጠጅ ቀምሼ ነበር፤ ሰበብ አላደርገውም። ሰው በተሰበሰበበት «ስንት ይዘህ መጣህ?» አልሁት።

«ተመስገን ጋሼ፣ በእግሬ መጥቻለሁ» አለኝ።

«መኪናው ቀረ በለኛ!» ብዬ ሳቅሁ። ቤቱም አብሮኝ ሳቀ። ልጁ ፈገግ ብሎ እንግዳ ሊያስተናግድ ተነሣ። እናቱ አልሳቁም። ያኔም አይቻቸዋለሁ፤ አላየሁም ብል ኑዛዜዬ ውሸት ይሆናል።

ከዓመታት በኋላ ለግንቦት 21፣ ለሰላም አስከባሪዎች ቀን፣ ጽሑፍ አዘጋጅ ተባልሁ። በ1940 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተልእኮ ከተመሠረተ ወዲህ በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር የሞቱት ከ4 ሺህ እንደሚበልጡ ጻፍሁና አለፍሁ። አብዬ ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። ጦራችን ወደዚያ የገባው በ2003 ክረምት ነው፤ የጸጥታው ምክር ቤት እስከ 4,200 ወታደር ፈቅዶ ነበር። በሐምሌ 26 ማቦክ በሚባል ቦታ ቅኝት ላይ ሳሉ ፈንጂ ፈነዳባቸው። አራት ሞቱ፣ ሰባት ቆሰሉ። ከአራቱ ሦስቱ ወዲያው አልሞቱም፤ ቆስለው ሄሊኮፕተር ሲጠብቁ ነው ያለፉት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰላም ማስከበር ኃላፊ በወቅቱ እንደተናገሩት፣ የሱዳን መንግሥት በረራውን ከልክሎ፣ ሄሊኮፕተሩ ቢነሣ እንደሚመታ አስፈራርቷል።

ልጁ እግሩን ይዞ መመለሱን ሲነግረኝ እኔ መኪና ጠየቅሁት።

ዶላሩንም አጣራሁ፤ ዘግይቼ። ድርጅቱ ባጣራሁበት ጊዜ በአንድ ወታደር በወር ከ1,400 ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ይከፍል ነበር፤ የሚከፍለው ግን ለመንግሥት ነው። ወታደሩ እጅ የሚገባው አገሩ የወሰነለት ነው። ደግሞስ ሁሉም ቢሰጠው ምን ነበረበት? እኔም በደሞዝ ነው የምኖረው፤ ወደ ሥራ ስሄድ መንገዴ ላይ ፈንጂ የቀበረብኝ የለም።

ጽሑፉን ጨርሼ አስረከብሁ፤ የራሴን ነገር አንድ መስመር አልጻፍሁበትም። ልጁ ሰፈር ለቋል። እናቱ ግን አሉ፤ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» እንባባላለን። ይቅርታ እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።